በትር ይዞ ስልክ ማንበብ ነውር ነው?

የዚህ ወር ጥያቄዎች የበዙት ጭራሽ ከማያዩ ሰዎች ሳይሆን “ትንሽ ትንሽ አያለሁ” ከሚሉ ሰዎች ነው። ደስ ብሎኛል። መሃል ላይ ያለነውን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰን የለም። መነጽር አይበቃንም፤ ብሬል ደግሞ ገና አልተማርንም። የሚያየን ሰው አስመሳይ እንመስለዋለን።

ለአዲስ አንባቢ፦ ግላኮማ አለብኝ። ግራ ዓይኔ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል፤ በቀኙ መሃል መሃሉን አያለሁ። ሥራዬ ሰዎች በነጭ በትር እንዲንቀሳቀሱ ማሠልጠን ነው። ሐኪም አይደለሁም። ዓይናችሁ በድንገት ከተለወጠ ለእኔ አትጻፉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ የሚባል ሕመም አለብኝ። ቀን ቀን ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ፤ ስልክም አነባለሁ። ግራና ቀኜን ግን አላይም። ሲመሽ ደግሞ ጭራሽ። ነጭ በትር ገዝቻለሁ፤ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ እሱን ይዤ መልእክት ሳነብ አንዲት ሴት “አታፍርም? እያየህ!” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። እኔ በትር መያዝ እችላለሁ?
(በትሩን የደበቀው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትችላለህ። እንዲያውም እኔን ያሳሰበኝ ማታ ማታ ያለ በትር መውጣትህ ነው።

ብዙ ሰው ማየት ማለት ፊደል ማንበብ ይመስለዋል። ፊደል የምናነበው ግን በሬቲናችን (ከዓይን ጀርባ ብርሃን በሚቀበለው ሽፋን) መሃል፣ በአንዲት ጠባብ ቦታ ነው። ስንራመድ የሚያገለግለን ዳር ዳሩ ነው። ከጎን የሚመጣ ብስክሌት፣ እግር ስር ያለ ጉድጓድ፣ ከወገብ በታች የሚሮጥ ሕፃን፣ እነዚህን የምንይዛቸው በዳሩ ነው። የአንተ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጠፋው በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩትን፣ ከመሃሉ ውጪ የሚበዙትን ሴሎች ነው። ስለዚህ ማታ አለመታየቱም፣ ጎንህ መጥፋቱም ምንጩ አንድ ነው። መሃሉ ብዙ ጊዜ የሚነካው ወደ መጨረሻ ነው። የስልክህ ስክሪን በቀረችህ ጠባብ ክብ ውስጥ ይገባል፤ መንገዱ አይገባም። መልእክት አንብበህ ስትጨርስ ከተከፈተ በር ጋር ልትላተም ትችላለህ። ሁለቱም የአንተው ዓይን ሥራ ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የዓለም ጤና ድርጅት 10ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ የእይታ መስኩ ከመሃል ዙሪያ ከ10 ዲግሪ የማይበልጥ ሰውን ከዓይነ ስውራን ይቆጥረዋል፤ የፊደል ሰሌዳውን ጥሩ አድርጎ ቢያነብም። የአንተ መስክ ስንት እንደሆነ ሐኪምህን ጠይቅ። ብዙ ሰው ሰሌዳው ላይ ስንተኛው መስመር ድረስ እንዳነበበ ያውቃል፤ መስኩን ግን ጠይቆ አያውቅም። መንገድ ላይ የሚያስፈልግህ ቁጥር ግን እሱ ነው።

ወደ በትሩ ልምጣ። ነጭ በትር ሁሉ አንድ አይደለም። አጭርና ቀጭን ሆኖ፣ መሬት ሳይነካ፣ በደንብ እንደማታይ ለሌላው ለማሳወቅ ብቻ የሚያዝ አለ። ትንሽ ጠንከር ብሎ የደረጃና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ለመፈተሽ የሚሆን አለ። ሦስተኛው ረጅሙ ነው። ነጭ ቀለሙን በተመለከተ፣ እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ ጄምስ ቢግስ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ዓይነ ስውር ከሆነ በኋላ፣ በ1921 እ.ኤ.አ.፣ ሹፌሮች እንዲያዩት በትሩን ነጭ ቀባው። በረጅም በትር ፊትን እየፈተሹ የመራመዱ ዘዴ የዳበረው ቆይቶ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ሲያገግሙ፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ሁቨር ካሠለጠናቸው ወዲህ። እንግዲህ ቀለሙ ለሹፌሩ ነው፣ ርዝመቱ ለአንተ። አንተ ሁለቱም ስለሚያስፈልጉህ ረጅሙን ያዝ ባይ ነኝ።

“ጭላንጭል ለሚያይ የተለየ ቀለም ቢኖር ይሻል ነበር” የሚሉኝ አሉ። አለ። አርጀንቲና ውስጥ ፔርላ ማዮ የተባለች መምህርት በ1996 እ.ኤ.አ. አረንጓዴ በትር አስተዋወቀች፤ በ2002 ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮችም ተቀብለውታል። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አረንጓዴ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሹፌር ፊት ይዞ መሻገር አይዋጥልኝም። ቀለሙ በማይታወቅበት ቦታ ነጩ ይሻላል።

ርዝመቱን ቀጥ ብለህ ቆመህ ለካው። ከመሬት እስከ ደረት አጥንትህ የታችኛው ጫፍ ይድረስ፤ ፈጣን ተራማጅ ከሆንክ ትንሽ ይጨመርበት። ግራ እግርህ ሲቀድም የበትሩ ጫፍ በስተቀኝ ይሁን፤ ቀኝ ሲቀድም በስተግራ። ጫፉ ቀጥሎ የምትረግጥበትን ቦታ ቀድሞህ ይነካል ማለት ነው። የምታወዛውዝበት ከትከሻህ በትንሹ ይስፋ፤ ከዚያ ካለፈ የሰው እግር ትጠልፋለህ። አሠልጣኝ ካገኘህ እሰየው፤ እጅህ መጥፎ ልማድ ከመልመዱ በፊት ሂድ። አንድ ነገር ግን በትሩ አይሸፍንልህም፦ ከወገብ በላይ ያለውን። ቅርንጫፍ፣ የጭነት መኪና መስታወት፣ ወደ ውጭ የተከፈተ መስኮት። ለዚህ ከፊቱ ጥላ ያለው ኮፍያ አድርግ። ግንባርህ ከመመታቱ በፊት ኮፍያው ይመታል፤ የፀሐይ ነጸብራቅም ይከለክልልሃል።

ሴትዮዋን በሚመለከት፣ የዓይን ሕክምና ትምህርት የመስጠት ዕዳ የለብህም። “ፊት ለፊት አያለሁ፣ እግሬን አላይም” በላትና ወደ መልእክትህ ተመለስ። ጣቷን አውጥታ “እስቲ ይሄ ስንት ነው?” ካለችህ ደግሞ መልስ አትስጥ። እኔም ስንቴ ጠይቀውኛል። በትክክል ብትቆጥር ውሸታም ትባላለህ፤ ብትሳሳት ታሳዝናለህ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ማኩላቸው (የሬቲናው መሃል) ተጎድቷል። መሃሉ እንደሚደበዝዝባቸው ይናገራሉ። እንቅፋት ሲያገኝ የሚንቀጠቀጥ ዘመናዊ በትር አይቻለሁና ልገዛላቸው አስቤያለሁ። ዋጋው ከበድ ይላል። ይጠቅማቸዋል?
(ልጃቸው)

መልስ፦ ልጅ ይውጣልህ! ግን አትቸኩል።

እነዚህ በትሮች አብዛኞቹ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካሉ፤ ድምፁ ነጥሮ የሚመለስበትን ጊዜ አስልተው ርቀቱን ያውቃሉ። ጥሩ ጎናቸው፣ ተራው በትር የማይነካውን ከደረት ከፍ ያለ ነገር ማግኘታቸው ነው። ወደ ታች የሚወርድ ደረጃንና ጉድጓድን በተመለከተ ግን አሁንም ሥራው የተራው ጫፍ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ከባድ ተራ በትር ይሆናል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የእናትህ ዓይን የተማሪው ወንድማችን ተቃራኒ ነው። ዳሩ ደህና ነው፣ መሃሉ ጠፍቷል። ግድግዳና ሰው መኖሩን ያያሉ። የሚያስቸግራቸው የሰው ፊት መለየት፣ ቁጥር ማንበብ፣ ቀለሙ ተመሳሳይ የሆነ ደረጃ የት እንደሚያልቅ ማወቅ ይሆናል። ይሆናል ያልኩት ስላልጠየቅኋቸው ነው። አንተም የጠየቅሃቸው አይመስለኝም። ቁጭ በልና “ድሮ ትሠሪው የነበረ፣ አሁን የተውሽው ምንድን ነው?” በላቸው። መልሳቸው ነው የሚገዛውን ዕቃ የሚመርጠው።

መልሳቸው “የአውቶቡስ ቁጥር” ከሆነ፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት ትንሽ ቴሌስኮፕ አለ፤ በመዳፍ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ 4×12 ወይም 6×16 ተብሎ ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። በ4 ይጀምሩ። የሚያጎላው በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠባል፤ እጅ በትንሹ ሲንቀጠቀጥም ሁሉ ነገር ይዘላል። ቆመው ብቻ ይዩበት፤ እየተራመዱ በፍጹም።

መልሳቸው “ደረጃ” ከሆነ፣ የሚያስፈልገው በየደረጃው ጠርዝ ላይ ከወለሉ ቀለም ጋር የማይመሳሰል መስመር መለጠፍ ነው። ለጨለማ ወለል ነጭ ወይም ቢጫ፣ ለነጭ ወለል ጥቁር። ከሁሉም በፊት የመጨረሻው ደረጃ ይለጠፍ፤ ሰው የሚወድቀው ያለቀ መስሎት ነውና። መልሳቸው “ፀሐይ ዓይኔን ይወጋኛል” ከሆነ፣ ጥቁር መነጽር ሁሉንም ያጨልምባቸዋል። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ መስታወት ይሞክሩ፤ ሰማያዊውን ብርሃን ቀንሶ የነገሮችን ጠርዝ ጎላ ያደርጋል። የትኛው ቀለም እንደሚስማማቸው ግን ደጅ ወጥተው በራሳቸው ዓይን ካላዩ አይታወቅም። ከመንገድ ወደ ጨለማ ቤት ሲገቡም በሩ ጥግ ላይ ቆም ይበሉ። ዓይናቸው እስኪለምድ ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

በተረፈ ነገሩን በቀጥታ ከማየት ትንሽ ወደ ጎን ማየትን የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች አሉ። ዳሩ መሃሉን እንዲተካ ማለት ነው። ተለማምደው ፊት መለየት የቻሉ ሰዎች አውቃለሁ። ልምምዱ ግን አሰልቺ ነው፤ አልዋሽህም።

ጥያቄ፦ አንድሮይድ ስልክ አለኝ። ፊደሉን ማጉላት ይሻላል ወይስ ድምፁን መልመድ? ደግሞ ምልክትና የአውቶቡስ ቁጥር የሚያነብልኝ አፕ አለ ወይ?
(ዓይኗ የሚደክማት)

መልስ፦ እህቴ፣ ስምሽ ራሱ መልሱን ይዟል። ጠዋት አጉይ፣ ማታ አድምጪ።

ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ የሚል ቦታ አለ። ማግኒፊኬሽንን ስታበሪው፣ ስክሪኑን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መንካት ወይም አንድ ምልክት መጫን ያጎላልሻል፤ በየስልኩ ይለያያል። ማጉላት ግን ገደብ አለው። አንድ ቃል ለማንበብ ስክሪኑን ወዲያ ወዲህ መጎተት ከጀመርሽ፣ ድምፅ የሚያስፈልግሽ ጊዜ ደርሷል። መጀመሪያ ሰሌክት ቱ ስፒክን ሞክሪ። የነካሽውን ጽሑፍ ብቻ ያነብልሻል፤ የስልኩን አነካክ አይለውጥም። ቶክባክ ሙሉው ስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ ይነግርሻል። አንዴ ነክተሽ ታዳምጫለሽ፣ ሁለቴ ነክተሽ ትከፍቻለሽ። ስታበሪው ስልኩ የተበላሸ ይመስልሻል፤ አይዞሽ። በብዙ ስልኮች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ጥቂት ሰከንድ ብትይዣቸው ይጠፋል። አሁን ዓይንሽ እያገዘሽ ብትለማመጂው ይቀላል።

ለአማርኛ ንባብ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ነፃ የንባብ ድምፅ አለ። አማርኛ ይችላል። ለዛ ግን የለውም፤ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጆሮ ለምዶት ፍጥነቱን ከጨመርሽለት በኋላ ግን ድምፁን ትረሺና መልእክቱን ብቻ ትሰሚያለሽ።

ወደ ካሜራው ስንመጣ የጎግል ሉክአውትና የማይክሮሶፍት ሲይንግ ኤአይ አሉ። ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ አይፎን ላይ ብቻ ነበር፤ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ አንድሮይድ ላይም አለ። እኔ የማደላው ግን ለቢ ማይ አይስ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ የተጀመረ ነው። ስትደውይ ፈቃደኛ የሆነ ሰው በካሜራሽ አይቶ ይነግርሻል። ሐሳቡ የመጣለት ሃንስ ዮርገን ዊበርግ ራሱ እይታው ዝቅተኛ ነው፤ ያስታውቃል። በ2023 ደግሞ ሰው ሳይሆን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፎቶሽን የሚያብራራበት ተጨመረበት። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የበር ቁጥር፣ የማሽን ቁልፎች፣ ለእነዚህ ሁሉ ግሩም ነው።

ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው። ኤአይ ሲሳሳት ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ያላየውንም እንዳየ አድርጎ ይነግርሻል። “መንገዱ ባዶ ነው? ልሻገር?” ብለሽ አትጠይቂው። ፎቶው ተነስቶ መልሱ እስኪመጣ መኪናው ደርሷል። የመድኃኒት መጠንም ከሆነ በሌላ መንገድ አረጋግጪ።

የአውቶቡስ ቁጥርስ? የሚንቀሳቀስ አውቶቡስ ላይ ካሜራ ማነጣጠር ብዙ ጊዜ አይሳካልኝም። አንብቦ ሲነግረኝ አውቶቡሱ ሄዷል። ከላይ ያልኩትን ቴሌስኮፕ እጠቀማለሁ። እሱ ካልሆነልኝ ጮክ ብዬ “ይሄ ስንት ቁጥር ነው?” እላለሁ። እስካሁን ከዚህ የፈጠነ አፕ አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ የስልኬ ካርታ “ደርሰዋል” ይለኛል፤ በሩ ግን የለም። ስልኬ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ የስልክ ጂፒኤስ በተለምዶ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ ይብስበታል። አምስት ሜትር ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም፤ ለእኛ የጎረቤት በር ነው፣ ወይም የመንገዱ ወዲያ ማዶ።

ስለዚህ ካርታው መንገዱ ድረስ ያድርሳችሁ፤ በሩን በራሳችሁ ምልክት ያዙ። ከእግር ስር የሚለወጥ ንጣፍ፣ ቁልቁለት የሚጀምርበት ቦታ፣ ሁልጊዜ የሚሰማ ጄኔሬተር። ነጠብጣብና መስመር ያለው ቢጫ ንጣፍ ካለ ደግሞ ምን ያህል ታድላችኋል! ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ የፈጠረው ነው፤ መጀመሪያ የተነጠፈው ኦካያማ ከተማ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ረጃጅሙ መስመር “በዚህ ሂድ” ነው፣ ነጠብጣቡ “ቁም፣ ፊትህን አጣራ”። ብዙ ቦታ ቢጫ የሚደረገው ደግሞ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ነው፤ ጭራሽ ለማያየው ቀለሙ ምን ያደርግለታል?

ሁለቱንም ጆሮ በሚደፍን ማዳመጫ ካርታ እየሰሙ አትሂዱ። ጆሮ ሳይደፍን በጉንጭ አጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፍ አለ፤ ለእኛ የተሠራ ይመስላል። በአንድ አፕ ብቻም አትንጠልጠሉ። ማይክሮሶፍት በ2018 እ.ኤ.አ. ሳውንድስኬፕ የሚባል በድምፅ አቅጣጫ የሚያሳይ አፕ አውጥቶ ነበር። ብዙ ሰው ወደደው፤ በ2023 ቆመ። ኮዱ ለሕዝብ ስለተለቀቀ ሌሎች ወስደው የራሳቸውን ሠርተውበታል። እስከዚያው ግን መንገዱን በእሱ ብቻ የለመደ ሰው ግራ ገባው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሁለቱም ዓይኖቼ ደክመዋል። ሰሞኑን ስራመድ ፊቴ አጥር ይታየኛል፤ አንዳንዴም ረጅም ልብስ የለበሱ ትንንሽ ሰዎች። እቆማለሁ። ከዚያ ይጠፋሉ። ልጆቼ አእምሮው ተነካ እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም።

መልስ፦ አባቴ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አእምሮዎ የተነካ አይመስለኝም። ቻርልስ ቦኔት ሲንድረም የሚባል ነገር አለ። ዓይን የሚልከው ምስል ሲያንስ፣ አንጎል ባዶውን ቦታ በራሱ ሥዕል ይሞላዋል። የስዊዙ ሊቅ ቻርልስ ቦኔት በ1760 እ.ኤ.አ. የጻፈው ስለ ገዛ አያቱ ነው። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ አእምሯቸው ግን የሰላ ነበር። ሰዎች፣ ወፎች፣ ሕንፃዎች ይታዩአቸው ነበር። እውነት እንዳልሆኑም ያውቁ ነበር። እርስዎ የጠቀሷቸው አጥርና ትንንሽ ሰዎች ደግሞ ሌሎችም አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው።

ያም ሆኖ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መድኃኒትም ሌላ ሕመምም እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል ይጣራ። በተለይ ምስሉ ድምፅ ካለው ወይም እውነት ነው ብለው ማመን ከጀመሩ አይዘግዩ። ለልጆችዎም ይንገሯቸው፤ ይህን መልስ ያንብቡላቸው።

ሲመጣብዎ ዓይንዎን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያዘዋውሩ፤ ብዙ ጊዜ ይበተናል። ቤት ውስጥ ከሆኑ መብራት ያብሩ። መንገድ ላይ ከሆኑ ደግሞ በትሩን ወደ አጥሩ ይዘርጉ። እውነተኛ አጥር ከሆነ ኳ ይላል። ካላለ በትርዎን እያስቀደሙ ይለፉ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ በደንብ አያይም። መንገድ ላይ ሳገኘው እጁን ይዤ ላሻግረው?

መልስ፦ መጀመሪያ ስምህን ተናገር፣ ከዚያ “ላግዝህ?” በል። እሺ ካለ አንተ አትያዘው፤ ክርንህን ስጠው፣ እሱ ይያዝህ። ግማሽ እርምጃ ትቀድመዋለህ፤ ሰውነትህ ሲወርድና ሲወጣ ደረጃውን በክርንህ ያውቀዋል። ከኋላ አትግፋው፣ በትሩን አትጎትት። “እዚያ ጋ” አትበለው፤ “በስተቀኝህ፣ ሁለት እርምጃ” በለው። “አይ፣ ይቅር” ካለህ ደግሞ አትቀየመው። ጠዋት በጥላ በኩል ብቻውን የሄደ ሰው፣ ማታ መብራት ሲያንጸባርቅበት ሊፈልግህ ይችላል። ነገም ጠይቀው።